ለጓዴ ሞት አንድ ስም

ጓዴ የሞተው ማክሰኞ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ነው። ቦታው ደብረ ብርሃን፣ ህንጻ አሥራ አራት፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ የሊፍቱ በር ላይ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንድ ደቂቃ አልሞላም።

ጋሽ ኪሩቤል የውሻቸውን የጓዴን ገመድ አንጓቸው ላይ ሁለቴ ጠምጥመው ወደ ሊፍቱ ገቡ። የእህታቸው የልጅ ልጅ ኤልዳና የውሃ ኮዳዋን ረስታ ወደ ቤት ተመልሳ ነበር። ጓዴ እሷን ልጠብቅ ብሎ ይሁን የጎረቤት ምንጣፍ ሽታ ስቦት፣ ከደፉ ውጭ ቀረ። በሩ ተዘጋ። ሊፍቱ መውረድ ጀመረ። ሽማግሌው ያገኙትን ቁልፍ ሁሉ በመዳፋቸው እየመቱ «ቁም፣ ቁም» አሉ፤ ሊፍቱ ግን ከፎቅ ቁጥር በቀር የሚሰማው ነገር የለም። ስምንተኛው ፎቅ ሳይደርሱ ገመዱ ተበጠሰ፤ ጓዴን ግን ቀድሞ አንቆት ነበር። ምድር ቤት ደርሰው በሩ ሲከፈት የአንጓቸው ቆዳ ተገሽልጦ ደማቸው እጅጌያቸው ውስጥ ይንቆረቆር ነበር። ተመልሰው ሊፍት ውስጥ መግባት አልቻሉም። በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ዘጠኝ ፎቅ በደረጃ ወጡ። ሲደርሱ ኤልዳና ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ የውሻውን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋለች። አላለቀሰችም። የጓዴን ጆሮ እየገለበጠች መልሳ ትዘረጋዋለች።

የሊፍቱ ሪፖርት ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ወጣ። በሩ በትክክል ሠርቷል ይላል። ገመዱ ከአራት ሚሊሜትር ቀጭን በመሆኑ እንቅፋት ተብሎ አይቆጠርም።

በዚያ ሰዓት የኤልዳና እናት ሶስና ከከተማው ማዶ ባለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ነበረች። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ቤቱን የያዙት ሦስቱ ናቸው፤ እሷ፣ ልጇና አጎቷ ጋሽ ኪሩቤል። አራተኛው ውሻው ነበር።

የቤተሰብ ጥንቃቄ ቢሮ መልእክት ጆሮዋ ውስጥ የተነበበው በለሰለሰ የሴት ድምፅ ነው። «ውሻ፣ ወንድ፣ ስድስት ዓመት፣ ሕይወቱ አልፏል። ቤተሰቡ እስከ ሐሙስ ረፋድ አራት ሰዓት ድረስ የአንድ ተጠያቂ ስም ያስመዝግብ። ካላስመዘገበ በበሩ የተሰየመው ሰው ይጸናል። ጊዜያዊ ተጠያቂ፣ ኤልዳና ቢንያም፣ ዘጠኝ ዓመት።»

ሶስና የያዘችውን የቀለም ናሙና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጓንቷን አወለቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2071 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ማንም ሰው ከቤቱ ሲወጣ በሩ ይጠይቃል። ሕፃን፣ ሽማግሌ ወይም እንስሳ አብሮ ካለ፣ ማን ለማን ኃላፊ እንደሆነ ስም ካልተነገረው አይከፈትም። ኃላፊ ለመሆን ዘጠኝ ዓመት መሙላት ይበቃል። የጥፋት ምልክት የተመዘገበበት ሰው ግን ስሙ አይወሰድም፤ ጋሽ ኪሩቤል ደግሞ ሁለት ምልክት አላቸው። አንዱ ወተት ጥደው ረስተው ያሳረሩ ጊዜ፣ ሌላው ኤልዳናን መናፈሻ ይዘው ወጥተው አግዳሚ ላይ እንቅልፍ የወሰዳቸው ጊዜ የተመዘገበ ነው። የከተማው ሰው ለበሩ ጥያቄ የሚመልሰው ዝንብ እሽ እንደሚል ነው፤ ልብ ብሎ አይደለም።

የዚያን ዕለት ጠዋት በሩ ሶስናን ሥራ ላይ አገኛት። «ኪሩቤል አያሌው፣ ኤልዳና ቢንያም እና አንድ ውሻ ሊወጡ ነው። ኃላፊው ማነው?»

«እኔ» ብትል፣ እነሱ መሬት ወርደው ልጅቷ የትምህርት ቤቷ መኪና ውስጥ እስክትገባ ድረስ በምስል መስኮት እየተከተለች ማየት ነበረባት። ጓንቷን አውልቃ፣ ሥራዋን አቁማ፣ አሥር ደቂቃ። ቀለሙ ደግሞ ሊረጋባት ነው።

«ኤልዳና ትሁን» አለች። በሩ አመስግኖ ተከፈተ።

ቤት ስትደርስ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ጓዴን በነጭ ሣጥን አድርገው ወስደውታል። ጋሽ ኪሩቤል ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው አንጓቸው ላይ የታሰረውን ፋሻ ያያሉ። ሶስናን ሲያዩ ተነሡ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አሉ። «ገመዱን ልፈታው ሞከርኩ። ሁለቴ ጠምጥሜው ነበር።»

«ይቀመጡ ጋሼ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት የጣርማ በርን ዳገት ስወጣ ስወርድ አንዲት ዶሮ አልገጨሁም።»

እውነት ነው። ጋሽ ኪሩቤል በእጅ ከሚነዱት የመጨረሻዎቹ የደሴ አውቶቡሶች የአንዱ ሾፌር ነበሩ። ሶስና እናቷ የሞተችባት በስድስት ዓመቷ ነው። ያን ጊዜ የእናቷ ወንድም ጋሽ ኪሩቤል ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ትንሽ መቀመጫ አሠርተው፣ ትምህርት ሲዘጋ ክረምቱን በሙሉ በዚያ መንገድ ይዘዋት ይመላለሱ ነበር። ጉም ሲወርድና መንገዱ ሲጠፋ እሷ ዓይኗን ትጨፍን ነበር፤ እሳቸው ግን ከፊት ያለውን ቁልቁለት እየነገሯት ይነዳሉ። አሁን የሰው እጅ የሚነዳው አውቶቡስ የለም።

ሶስና ከበሩ ጋር የተነጋገረችውን አልነገረቻቸውም። ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ውሃ ጠጣች።

የፈራችው ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም ከሐሙስ ወዲያ አሉ። የጋሽ ኪሩቤልን ስም ብትሰጥ ሦስተኛ ምልክታቸው ይሆናል። ሦስት ምልክት ያለበት ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ማረፊያ ይወሰዳል። ስሙ ማረፊያ ይባል እንጂ አርፎ የተመለሰ ሰው በህንጻ አሥራ አራት ማንም አያውቅም። የጋሽ ኪሩቤል ጓደኛ አቶ ናሆም ከሰባተኛ ፎቅ የተወሰዱት በሁለት ካልሲና በአንድ ሹራብ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ኤልዳና ላይ ይጸናል። ሕይወት ለጠፋበት ጥፋት የሚሰጥ ምልክት በልጅነት ከተመዘገበ አይፋቅም።

የዚያን ትርጉም ለማወቅ እስከ ሐሙስ መጠበቅ አላስፈለጋትም። ጊዜያዊ የተባለው ነገር ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሥራውን ጀመረ። ኤልዳና ወደ ወጥ ቤቱ ስትገባ የቢላዎቹ መሳቢያ በራሱ ተቆለፈ። ድምፁ ትንሽ ነው፣ ቀጭ ይላል። ልጅቷ ብርጭቆ ልታወጣ ነበር የመጣችው። ቆም ብላ መሳቢያውን አየችው፤ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ስትል ተከፈተ፤ ወደ ፊት ስትል እንደገና ቀጭ አለ። ሦስት ጊዜ ሞከረችው። ከዚያ ውሃውን ሳትጠጣ ወጣች።

ረቡዕ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ጎረቤታቸው መቅደላዊት ልጇ ሲድህ እየተከተለች ነበር። ሕፃኑ ኤልዳናን ይወዳታል፤ እየሳቀ ወደ እሷ ዳኸ። መቅደላዊት ከኋላው ሮጣ ብብቱን ይዛ አነሣችው።

«ይቅርታ ሶስዬ» አለች፣ ፊቷ እየቀላ። «ቤቱ አስጠነቀቀኝ። ሳላነሣው ብቀር እኔ ላይ ይመጣል። ታውቂው የለ።»

«አውቃለሁ» አለች ሶስና። ታውቃለች። ባለፈው ዓመት ስድስተኛ ፎቅ ያለችው ልጅ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲደርስ እሷም ኤልዳናን እጇን ይዛ በሌላው ደረጃ አውርዳታለች። የዚያችን ልጅ ስም አሁን ለማስታወስ ሞከረች፣ አልመጣላትም።

ረፋዱ ላይ ፈቃድ ወስዳ ወደ ቤተሰብ ጥንቃቄ ቢሮ ሄደች። ወረፋው ረጅም ነበር። ሰዎቹ ሁሉ ጫማቸውን ያያሉ። ተራዋ ደርሶ ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠችው ወጣት ሴት ትህትና እባላለሁ ብላ ስሟን ነገረቻት፤ ጉዳዩም የተመደበው ለእሷ እንደሆነ ገለጸችላት።

«የእኔ ስም ይመዝገብ» አለች ሶስና። «የላክኋቸው እኔ ነኝ። ልጅቷን የሰየምኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ትህትና ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አንሸራትታ አነበበች። «እርስዎ በስፍራው አልነበሩም።»

«ለዚያ እኮ ነው ጥፋቱ የእኔ የሆነው።»

«በስፍራው ያልነበረ፣ በምስል መስኮትም ያልተከታተለ ሰው አይመዘገብም፣ ወይዘሮ ሶስና። በሩ ጠየቀዎት፣ መለሱ። በእርስዎ በኩል የጎደለ ነገር የለም።» ይህን ስትል የምታጽናናት ነበር የሚመስለው። «ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። ነገ አራት ሰዓት እመጣለሁ።»

«ሁለቱም ባይሆኑስ? አደጋ ነው ብንልስ?»

ወጣቷ ቃሉን ለማስታወስ የምትሞክር ይመስል ቅንድቧን ሰበሰበች። «እሱ የሚሞላበት ቦታ የለም» አለች።

ሶስና ወደ ቤት የተመለሰችው በእግሯ ነው። የደብረ ብርሃን ንፋስ ፊቷን ይለበልበዋል። ሳታስበው የምትጠብቀው ነገር እንዳለ የገባት መንገድ ላይ ነው፤ ጋሽ ኪሩቤል ራሳቸው «እኔን አስመዝግቢ» እንዲሏት እየጠበቀች ነበር። ማክሰኞ ዕለት እኔ ነኝ የገደልኩት ብለዋል። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ጠዋት ቁርስ ላይ ስለ ብርዱ ነበር ያወሩት። ስትወጣ አይተዋት ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መልሰዋል። አሁን በሳቸው ዝምታ እየተናደደች መሆኗ ገባት። ከእናቷ በኋላ ያሳደጋት ሰው ራሱን አሳልፎ አልሰጠም ብላ መናደዷን ስታውቅ አንድ አጥር ተደግፋ ቆመች።

ረቡዕ እራት ላይ ምስር ወጥ ነበር። ኤልዳና እንጀራውን ቆርሳ ቆርሳ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ደረደረችው፣ አልበላችም።

«ብይ እንጂ» አሏት ጋሽ ኪሩቤል።

«አባባ» አለች፣ «ጓዴን የገደልኩት እኔ ነኝ አይደል?»

«ማነው እንደሱ ያለሽ?»

«በሩ። ትናንት ስገባም ዛሬ ስገባም ተጠያቂ ኤልዳና ይለኛል። ኮዳዬን ረስቼ ነው። ባልመለስ ኖሮ እይዘው ነበር።»

ጋሽ ኪሩቤል ጉርሻቸውን ሳህኑ ላይ መለሱት። ወደ ሶስና ዞሩ። «ምንድነው የምትለው ልጅቷ?»

ሶስና ያን ጊዜ መዋሸት ትችል ነበር። በሩ ተሳስቶ ነው፣ ነገ ይስተካከላል ማለት ትችል ነበር። ነገር ግን ልጇ የደረደረችውን እንጀራ አየችና አልቻለችም።

«እኔ ነኝ ስሟን የሰጠሁት» አለች። «ስትወጡ በሩ ጠየቀኝ። ኤልዳና ትሁን አልኩ።»

«ለምን?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ ጋሼ። ጊዜ አልነበረኝም።»

«እኔ ለማለት» አሉ ጋሽ ኪሩቤል፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

ሶስና ሳህኗን ገፋ አደረገች። ወደ ልጇ ዞራ እጇን ያዘች። «ስሚኝ ኤልዱ። በሩ የሚለው እኔ የነገርኩትን ነው። ጓዴን አንቺ አልገደልሽውም። የእኔ ስም መሆን ሲገባው ያንቺን ሰጠሁ። ገባሽ?»

ኤልዳና የደረደረችውን እንጀራ በጣቷ አስተካከለች። «እሺ» አለች። የገባት ግን አትመስልም ነበር። እጇን ቀስ ብላ ነጥቃ ወደ ክፍሏ ሄደች።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ጋሽ ኪሩቤል ፋሻውን በሌላው እጃቸው ያሻሹታል።

«አንቺ ላይ የሚያርፍ መስሎኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «በሩ ላይ ያንቺ ስም ያለ መስሎኝ። አንድ ምልክት ለአንቺ ምንም አይደለም፣ ወጣት ነሽ፣ ትችይዋለሽ ብዬ ዝም አልኩ። ናሆም ሲወሰድ ያየሁት ነገር አለ። ሊፍቱ ውስጥ ሲያስገቡት ቀበቶውን ፈትተው ወስደውበት ሱሪውን በእጁ ይዞት ነበር። ፈራሁ ሶስና። ሁለት ቀን ሙሉ ፈራሁና ዝም አልኩ።»

«እኔም እርስዎ እስኪናገሩ እየጠበቅሁ ነበር» አለች።

ጋሽ ኪሩቤል ተነሥተው ለጠዋት ምላጫቸውንና የሾፌርነት ጃኬታቸውን አወጡ። 

ሐሙስ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ትህትና መጣች። ብቻዋን አልነበረችም፤ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ረጅም ሰው ከኋላዋ ቆሞ ኮሪደሩን ያያል። ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች፣ ጋሽ ኪሩቤልን ጎንበስ ብላ ሰላም አለች፣ የተሰጣትን ወንበር አመስግና ተቀመጠች። እንዲህ ያለ አስተዳደግ ያላት ልጅ ናት። ሶስናን ከሁሉ በላይ ያስፈራት ይኸው ነበር።

ጋሽ ኪሩቤል ተላጭተው የሾፌርነት ጃኬታቸውን ለብሰዋል። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መናገር ጀመሩ። «ማክሰኞ ጠዋት ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ውሻው ከኋላዬ መግባት አለመግባቱን ዞሬ አላየሁም። ሾፌር የኋላውን ሳያይ አይንቀሳቀስም። እኔ ሳላይ ተንቀሳቀስኩ።»

«አመሰግናለሁ አባቴ» አለች ትህትና።

«አይደለም» አለች ኤልዳና። ከእናቷ ጎን ቆማ ነበር። «እኔ ኮዳዬን ረስቼ ነው። እኔ ብይዘው ኖሮ...»

ትህትና ፊቷን ወደ ልጅቷ መለሰች። ፈገግታዋ አልተለወጠም፤ ጣቷ ብቻ ለመመዝገብ ጠረጴዛው ላይ ተንቀሳቀሰ። «ደግመሽ ንገሪኝ እስቲ የኔ ቆንጆ። አንቺ ብትይዢው ኖሮ ምን?»

ሶስና እጇ መቼ እንደተነሣ አታውቅም። የልጇን አፍ በመዳፏ ሸፈነችው። የኤልዳና ትንፋሽ ጣቶቿ መካከል ይሞቃል፤ ልጅቷ አልታገለችም፤ ዓይኖቿ ብቻ ሰፉ። ግራጫ ካፖርት የለበሰው ሰው ከኮሪደሩ አንገቱን አስግጎ አያቸው።

«ልጆች ሲናገሩ መከልከል ጥሩ አይደለም» አለች ትህትና በለዘብታ። «እንግዲህ ሁለት ሰዎች ጥፋታቸውን አምነዋል። ሁለት ስም አልወስድም። እንዲህ ሲሆን የሚመርጠው የቤቱ ኃላፊ ነው። ወይዘሮ ሶስና፣ አንድ ስም ይንገሩኝ።»

«እኔ ተናግሬያለሁ እኮ» አሉ ጋሽ ኪሩቤል። «ምን ያስፈልጋል እሷን?»

«ከእሷ አፍ መሆን አለበት አባቴ።»

ሶስና አጎቷን አየቻቸው። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ተጭነውታል። ራሳቸውን ግን ነቀነቁላት፤ አንዴ፣ በትንሹ፣ ድሮ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲመጣ በመስታወት እያዩ አይዞሽ እንደሚሏት። መዳፏ አሁንም የልጇ አፍ ላይ ነው።

«ኪሩቤል» አለች።

ያለ ጋሽ። በሕይወቷ ስማቸውን ያለ ጋሽ ጠርታ አታውቅም።

«ሙሉ ስም።»

«ኪሩቤል አያሌው።»

ወጥ ቤት ውስጥ የቢላዎቹ መሳቢያ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ትህትና ተነሥታ ጫማዋን አደረገች። ጋሽ ኪሩቤል ዕቃቸውን ለመያዝ አንድ ሰዓት ተሰጣቸው፤ አሥር ደቂቃ በቃቸው። ቀበቷቸውን ማንም ሳይጠይቃቸው ራሳቸው ፈትተው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። በደረጃ ልውረድ ብለው ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው። ሶስና የእርምጃቸውን ድምፅ ዘጠኙንም ፎቅ እስኪወርዱ አዳመጠች። ኤልዳና ከዚያን ዕለት ጀምሮ እናቷ ቀረብ ስትላት ከንፈሯን ገጥማ የመያዝ ልማድ አመጣች።

ማረፊያው ጠያቂ የፈቀደው በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ሶስናና ኤልዳና በጠዋት ሄዱ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ሣሩ የታጨደ፣ ባሕር ዛፎቹ በመደዳ የቆሙ። ለመፍራት የሚሆን ምንም ነገር አይታይበትም። ሽማግሌዎች በየአግዳሚው ተቀምጠዋል። ማንም ከማንም ጋር አያወራም። ቡናማ ሹራብ የለበሱ ተንከባካቢዎች በመካከላቸው ይመላለሳሉ።

ጋሽ ኪሩቤል ጥጉ ጋ ነበሩ። ወፍረዋል። ፀጉራቸው በአጭሩ ተቆርጧል። አንጓቸው ድኖ ሮዝ ጠባሳ ሆኗል።

«እንዴት ነዎት ጋሼ?»

«ደኅና ነኝ። ይበላል፣ ይተኛል። ብርዱም እንደ እናንተ ሰፈር አይደለም።» ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ እየተናገሩ ዓይናቸው በአጠገባቸው የምታልፈውን ተንከባካቢ ይከተላል። «ትምህርት እንዴት ነው ኤልዱ?»

«ጥሩ ነው አባባ።»

«ውሻ ግዢላት» አሏት ሶስናን።

«አልፈልግም» አለች ኤልዳና ቶሎ ብላ።

ሶስና ይቅርታ ልትጠይቃቸው ነበር የመጣችው። መንገዱን ሙሉ ቃሉን ስታዘጋጅ ነበር። «ጋሼ» ብላ ጀመረች፣ «ያን ቀን...»

«ተይው» አሉ። «እሱን እዚህ አናነሣም። ይሰማሉ።»

ኤልዳና አጠገባቸው ተቀመጠች። እጇን ዘርግታ እጃቸውን ልትይዝ ስትል ጋሽ ኪሩቤል ደንግጠው ሁለቱንም እጃቸውን ጭናቸው ስር አስገቡና ተቀመጡበት። «የያዘ ይጠየቃል» አሉ በሹክሹክታ። ተቆጥተው እንዳልሆነ ልጅቷ የገባት ይመስላል፤ ከንፈሯን ገጥማ ወደ ጎን ጋደል ብላ ራሷን ትከሻቸው ላይ አስደገፈች።

ተንከባካቢዋ ከሩቅ ቆማ አየቻቸው። ሶስና መካከል ላይ ገብታ ቆመች፤ ካፖርቷን ከፍታ የምትሸፍናቸው ያህል። ጋሽ ኪሩቤል ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸው እንደተቀበረ፣ ሳይነቃነቁ ተቀመጡ። ትንፋሻቸውን እንኳ የሚስቡት በጥቂት በጥቂቱ ነበር። የመጠየቂያው ሰዓት አልቆ ደወሉ እስኪደወል፣ ሦስቱም በዚያው ሁኔታ ቆዩ።